ምዕራፍ ሰባት፦ ብር የወለደው ወርቅ

ስለ ስፖርት ጀግኖች የሚጻፉ መጻሕፍት ታሪካቸውን የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ጀግናው ገና በልጅነቱ ከሠፈሩ ልጆች ሁሉ አብልጦ ሲሮጥ ወይም ሲዘል ከታየበት ዕለት ሲሆን፣ የሚጨርሱትም ከፍ ካለው መድረክ ላይ ቆሞ የሀገሩ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ባየባት ሰዓት ነው፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ የሚመጣው አርባና አምሳ ዓመት፣ ማለት ሰውየው ሙያ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ ግብሩን እየከፈለ የኖረበት ረጅም ዘመን፣ ለአንባቢ እንደማይረባ ትርፍ ነገር ተቈጥሮ ይታለፋል። ነገር ግን የሥጋ ኃይል እንደ ማናቸውም የዚህ ዓለም ጸጋ ኃላፊ ጠፊ ስለ ሆነ፣ ጉልበትም በሠላሳ ዓመት ግድም መድከም ስለሚጀምር፣ የዘላዩን ሰውነት እንጂ የዘላዩን ሰው ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ መመርመር የሚገባው ይህንኑ የተዘለለውን ዘመን ነው።

የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ቦብ ቫን ኦስደል ይባላል። በ1910 ተወልዶ በ1987 ያረፈ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1932 በሎስ አንጀለስ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ በከፍታ ዝላይ ሁለተኛ ወጥቶ የብር ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ከዚያ በኋላ የጥርስ ሕክምና ተምሮ በዚሁ ሙያ ኖረ። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ስሙ ዛሬ ከአትሌቲክስ ታሪክ ጸሐፊዎች በቀር ብዙ ሰው የሚያውቀው አይደለም፤ ነገር ግን በሕይወቱ ያደረጋቸው ሁለት ሥራዎች፣ አንዱ በእግሩ ዘመን፣ ሁለተኛው በእጁ ዘመን የተሠሩት፣ የውድድርን ትርጓሜ ከብዙ ሻምፒዮናዎች ታሪክ ይልቅ አጕልተው ያሳያሉ።

አስቀድሞ ግን፣ በዓለም ላይ በከፍታ ዝላይ ከሁሉ በላይ ከሚቈጠሩት አንዱ የነበረ ወጣት የሰው አፍ እያስከፈተ ጥርስ ወደሚሞላበት ሥራ ለምን እንደ ገባ መረዳት ያስፈልጋል። ዛሬ ታላላቅ ስፖርተኞች ከሽልማትና ከማስታወቂያ በሚያገኙት ገንዘብ ሲኖሩ የሚያይ አንባቢ፣ በዚያ ዘመን የነበረውን ሕግ ለማመን ይቸገር ይሆናል። ባሮን ፒየር ደ ኩበርተን በ1894 የኦሊምፒክን ጨዋታ እንደ ገና ለማቋቋም ጉባኤ በጠራ ጊዜ ከተነሡት ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ተወዳዳሪው ስፖርቱን ለፍቅሩ ብቻ የሚሠራ፣ ዋጋም የማይቀበልበት ሰው መሆን አለበት የሚለው ነበረ፤ ይህም ሥርዓት በጊዜው እንደ ሃይማኖት ቀኖና ተጠብቆ የሚኖር ሆነ። በ1912 በስቶክሆልም ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ጂም ቶርፕ ቀደም ብሎ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ቤዝቦል ተጫውቷል በመባሉ ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁበት፤ በሦስት ኦሊምፒክ ዘጠኝ ወርቅ የሰበሰበው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚም በማራቶን ለመሮጥ ሎስ አንጀለስ ድረስ መጥቶ ሳለ፣ ከመንገድ ወጪው በላይ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ከ1932ቱ ጨዋታ ታገደ። እንግዲህ ያን ዘመን የኖረ ዘላይ ሁሉ፣ አግዳሚውን ዘንግ ምንም ያህል ከፍ አድርጎ ቢሻገር፣ የሚበላው እንጀራ ከሌላ ስፍራ መምጣት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ሜዳሊያው የወጣትነቱ ጌጥ፣ ሙያው ግን የዕድሜው ስንቅ ነበረ።

የ1932ቱም ኦሊምፒክ የተደረገበት ጊዜ የእንጀራን ነገር አብዝቶ የሚያሳስብ ነበር። በ1929 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ዓለምን ሁሉ አዳርሶ ስለ ነበረ፣ ብዙ መንግሥታት ስፖርተኞቻቸውን ውቅያኖስ አሻግረው ወደ ካሊፎርኒያ ለመላክ አልቻሉም፤ ከአራት ዓመት በፊት በአምስተርዳም ከተገኙት ተወዳዳሪዎች ግማሽ እንኳ የማይሞሉት፣ ከ37 አገሮች የተውጣጡ 1,300 ያህል ሰዎች ብቻ መጡ። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨርም ሳይገኙ ቀርተው በዓሉን የከፈቱት ምክትላቸው ቻርልስ ከርቲስ ነበሩ። ቢሆንም ሐምሌ 30 ቀን ሜሞሪያል ኮሊሲየም በሚባለው ታላቅ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ መቶ ሺህ ያህል ነበረ፤ ወንዶቹ ስፖርተኞች የሚያድሩበት የኦሊምፒክ መንደርም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በዚህ ጨዋታ ሲሆን፣ ባለሦስት ደረጃው የአሸናፊዎች መድረክም ከጥቂት ወራት በፊት በሌክ ፕላሲድ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ተጀምሮ በበጋው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ነው።

ኮሊሲየሙ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ይማር ለነበረው ለቫን ኦስደል የዓለም ሕዝብ የመጣው ወደ ደጃፉ ነበር ማለት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ዲን ክሮምዌል ከ1909 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል በዚያ ሥራ የቆየና የሻምፒዮኖች ሠሪ የሚል ቅጽል የወጣለት መምህር ነበር። ከክሮምዌል ደቀ መዛሙርት መካከል ከቫን ኦስደል ጋር በአንድ የመዝለያ ጕድጓድ አጠገብ የሚለማመድ፣ ከእርሱም ጋር ጽኑ ወዳጅነት የነበረው ደንከን ማክኖተን የተባለ ካናዳዊ ይገኝ ነበር። ማክኖተን በኦንታርዮ አውራጃ ተወልዶ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያደገ ሲሆን፣ በተማሪዎቹ ውድድር የብልጫው ስም የቫን ኦስደል እንጂ የእርሱ አልነበረም። የካናዳ ሹማምንትም ለቡድኑ ሊመርጡት አልፈለጉም ነበርና፣ አጥብቆ ከለመናቸው በኋላ፣ ያለበት ከተማ ውድድሩ የሚደረግበት ከተማ ስለ ሆነ የመንገድ ወጪ እንደማይጠይቅ ታይቶ ስሙ በመዝገቡ ገባለት።

የእነዚህን ሁለት ወዳጆች ታሪክ ለመከታተል አንባቢው የዚያን ዘመን አዘላለል ማወቅ ይኖርበታል፤ ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው፣ ዘላዩ ጀርባውን ለዘንጉ ሰጥቶ በአየር ላይ እንደ ቀስት ተቀልሶ የሚሻገርበት ዘዴ የተስፋፋው ዲክ ፎስበሪ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቅ ከወሰደ በኋላ ነውና። በጥንቱ አዘላለል ዘላዩ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ እግሮቹን እንደ መቀስ እያፈራረቀ ያሻግር ነበር፤ ይህ ዘዴ ለአወራረድ የማያሰጋ ቢሆንም፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል ሁሉ ከዘንጉ በላይ ቆሞ የሚያልፍ ስለ ሆነ ዘላዩ ከሚያስፈልገው በላይ ክብደቱን ወደ ላይ እንዲያነሣ ያስገድደው ነበር። ጆርጅ ሆራይን የተባለ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን፣ ወደ ዘንጉ ከጎን በኩል ሮጦ፣ ለዘንጉ በሚቀርበው እግሩ ተነሥቶ፣ ሌላውን እግሩን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ከዚያ በጎኑ እንደ ተጋደመ የሚያልፍበትን ዘዴ አሳየ፤ በዚህም በ1912 ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሁለት ሜትርን ልክ ደረሰ። የምዕራብ ጥቅልል የተባለው ይኸው አዘላለል ነው። ምስጢሩም ሰውነት ተጋድሞ ሲያልፍ ውፍረቱ እንጂ ቁመቱ ዘንጉን ስለማይሻገር፣ የክብደቱ ማእከል ከዘንጉ ብዙ ሳይርቅ ማለፍ መቻሉ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እጅግ ባጠረ ጊዜ ነው። ዘላዩ የመጨረሻውን እርምጃ ረግጦ ከምድር እስኪለቅ ድረስ ያለው ቅጽበት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ፊት የሚሮጠውን ፍጥነት ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል አድርጎ መለወጥ አለበት፤ ወደ ላይ የሚወረወረውም ነጻ እግር በጊዜው ካልተነሣ የተነሣው ሰውነት ሁሉ ከግማሽ መንገድ ይመለሳል። የሚወርድበትም ስፍራ የዛሬው ዓይነት ለስላሳ ፍራሽ ሳይሆን አሸዋ ወይም የእንጨት ብናኝ የተሞላ ጕድጓድ ስለ ነበረ፣ አወራረዱን ያላሰበ ዘላይ ዘንጉን ቢሻገር እንኳ አጥንቱን ሊሰብር ይችል ነበር።

ከሥነ ፍጥረት ሕግ በላይ ደግሞ የዳኞች ሕግ ነበረ። በዚያን ጊዜ የዘላዩ ራስ ከእግሮቹ ቀድሞ ዘንጉን ካለፈ እንደ ዋናተኛ ጠልቋል ተብሎ ዝላዩ ይሰረዝበት ነበር፤ ከጥቅልል ወደ መጥለቅ ያለው ርቀት የጥቂት ጣት ያህል በመሆኑ፣ ዐይነ ስል ዳኛ እንኳ ፍርዱን በእርግጠኝነት ሊሰጥ አይችልም። ማክኖተን በ1930 በሐሚልተን ከተማ በተደረገው የብሪታንያ ግዛቶች ጨዋታ በዚሁ በአዘላለሉ ምክንያት ተሰርዞ ወጥቶ ነበር። በሎስ አንጀለስም በሴቶቹ ውድድር ቤብ ዲድሪክሰንና ጂን ሻይሊ የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን እስከ መጨረሻው እኩል ከሄዱ በኋላ፣ ዳኞቹ የዲድሪክሰን ራስ ቀድሟል ብለው ወርቁን ለሻይሊ፣ ብሩን ለዲድሪክሰን ሰጡ። ሕጉ 1930ዎቹ ዓመታት ሳያልቁ ላላ፤ በ1932 ግን ከፍ ብሎ መዝለል ብቻ ሳይሆን ሕግ ጠብቆ መዝለልም ከዘላዩ ይፈለግ ነበረ።

የወንዶቹ ከፍታ ዝላይ የተደረገው ሐምሌ 31 ቀን፣ ከመክፈቻው በዓል ማግስት፣ እሑድ ነበር። በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 24 ቀን 1924 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። የአሜሪካ ቡድን በጣም የተከበረ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በፓሎ አልቶ በተደረገው ማጣሪያ ቫን ኦስደል፣ ጆርጅ ስፒትዝና ኮርኔሊየስ ጆንሰን በአንድ ከፍታ እኩል ወጥተው ነበርና። ጆንሰን ገና 18 ዓመቱ የሆነ፣ በሎስ አንጀለስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ጥቁር ወጣት ነበር። ከፊሊፒንስ ደሴቶች የመጣው ሲመዮን ቶሪቢዮም በአምስተርዳም አራተኛ ወጥቶ የነበረ ልምድ ያለው ሰው ነው። ዘንጉ ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር ሌሎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ስፒትዝም እንኳ ከመጨረሻዎቹ መካከል አልተገኘም። በ1.97 ሜትር ላይ የቀሩት ቫን ኦስደል፣ ማክኖተን፣ ቶሪቢዮና ጆንሰን ነበሩ፤ አራቱም ይህን አለፉ፤ ዘንጉ ወደ ሁለት ሜትር ሲወጣ ደግሞ አራቱም አቃታቸው።

ዛሬ እንዲህ ያለ እኩልነት ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው በመጨረሻ ባለፉት ከፍታ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ሳቱ፣ ከዚያም እስከዚያ ድረስ በጠቅላላ ስንት ጊዜ እንደ ወደቁ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍርዱ የሚገኘው ከመዝገብ ነው። በዚያን ጊዜ ግን መዝገብ አይፈርድም ነበር፤ የደከሙት አራት ሰዎች ተመልሰው እንዲዘሉ ተደረገ፤ ዘንጉም ከፍና ዝቅ እየተደረገ ደረጃቸው እስኪለይ ድረስ ተወዳደሩ። የቫን ኦስደል የመጀመሪያው ሥራ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ከእርሱና ከወርቁ መካከል ቆመው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ወዳጁ ማክኖተን ነበር፤ ማክኖተን ሊዘል ሲዘጋጅ ቫን ኦስደል ወደ እርሱ ቀርቦ፣ ያ ወደ ላይ የሚወረወረው እግሩ እንደሚገባ አለመነሣቱን ነገረው፤ እርሱን ካስተካከለ እንደሚሻገርም አረጋገጠለት። ማክኖተን ምክሩን ተቀብሎ ዘለለ፤ ዘንጉንም ሳይነካ አለፈ። ወርቁ የማክኖተን፣ ብሩ የቫን ኦስደል፣ ነሐሱ የቶሪቢዮ ሆነ፤ ጆንሰንም በአራተኛነት ያለ ሜዳሊያ ቀረ። ካናዳ ከዚያ በኋላ በአትሌቲክስ ሌላ የኦሊምፒክ ወርቅ ለማየት ማርክ ማኮይ በ1992 በባርሴሎና በመሰናክል ሩጫ እስኪያሸንፍ ድረስ 60 ዓመት ጠበቀች።

ይህን ነገር የሚሰማ ሁሉ፣ ሰው እንዴት ገዛ ሽልማቱን በምክር አሳልፎ ይሰጣል ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ነገሩን ግን ከልምምዱ ሜዳ አንጻር ስናየው የሚያስገርም ብቻ ሳይሆን የሚገባ ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ መምህር ሥር ሆነው ዓመታት የተለማመዱ ሁለት ዘላዮች አንዱ የሌላው ዐይን ነው፤ ዘላይ በአየር ላይ ሳለ ገዛ እግሩን ማየት አይችልም፤ ስሕተቱን የሚነግረው ከጎን ቆሞ የሚያየው ባልንጀራው ብቻ ነው። ቫን ኦስደል በዕለተ እሑድ ያደረገው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲያደርግ የኖረውን ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ቀን ዋጋው ወርቅ መሆኑ ብቻ ነበር። የሰው ባሕርይ የሚፈተነውም ልማዱ ዋጋ ባስከፈለው ቀን ነውና፣ ቫን ኦስደል በዚያ ፈተና አልወደቀም።

ከዚያ እሑድ በኋላ አራቱ ሰዎች በአራት ጎዳና ሄዱ። ጆንሰን በ1936 በርሊን ላይ 2.03 ሜትር ዘሎ ወርቁን አገኘ፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ሆኖ በንግድ መርከብ ላይ ሲያገለግል በ1946 ታሞ ሞተ። ቶሪቢዮ ወደ ሀገሩ ተመልሶ የተወለደባትን የቦሆልን ደሴት ወክሎ በእንደራሴዎች ምክር ቤት ተቀመጠ። ማክኖተን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ለጀግንነቱ የክብር የበረራ መስቀል የሚባለውን ኒሻን ሁለት ጊዜ ተሸለመ፤ ከጦርነቱም ወዲያ በሥነ ምድር ጥናት ዶክተር ሆኖ ሲያስተምርና የነዳጅ ዘይት ሲመረምር ኖሮ በ1998 በቴክሳስ አረፈ። ቫን ኦስደልም የጥርስ ሐኪም ሆነ።

የጥርስ ሕክምና በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ሥራ እንደ ነበር ጥቂት መግለጽ ይገባል። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ስለዚህ ሙያ ሰፊ መጽሐፍ እስኪያወጣ ድረስ ጥርስ መንቀል የጸጉር ቆራጮችና የገበያ ዘዋሪዎች ሥራ ነበረ። በአሜሪካ ደግሞ ግሪን ቫርዲማን ብላክ የተባለው ሊቅ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቦረቦረ ጥርስ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ምን ያህልም እንደሚቈረጥ፣ የሚሞላውም የብርና የሜርኩሪ ቅልቅል በምን መጠን እንደሚሠራ በሥርዓት ደነገገ። ቢሆንም የጥርስ መሰርሰሪያ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በቀበቶ የሚሽከረከር ዝግተኛ መሣሪያ ነበር፤ በአየር ግፊት በደቂቃ ሦስት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል የሚዞረው ፈጣን መሰርሰሪያ ለገበያ የወጣው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያመውን ሰው እያጽናና፣ ከሰውነት ሁሉ እጅግ ጠንካራ የሆነውን የጥርስ ልባስ በትዕግሥት እየፋቀ፣ ከሚሊሜትር ክፍልፋይ የማይበልጥ ስሕተት ብቻ ተፈቅዶለት የሚኖር ሰው ነበር።

የሙያው ሊቅነት በተለይ የሚታወቀው ግን በወርቅ ሥራ ነበር። ወርቅ በአፍ ውስጥ አይዝግም፣ ምራቅና አሲድ አይበላውም፣ ልዝብ ስለ ሆነም ከጥርሱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጥርስ ቀዳዳ ልክ የሆነ የወርቅ ቍራጭ ማበጀት ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በ1907 ዊልያም ታጋርት የተባለ የኢሊኖይ የጥርስ ሐኪም ችግሩን የሚያቃልል መሣሪያ ለሙያ ባልደረቦቹ አሳየ። ሐኪሙ በመጀመሪያ በጥርሱ ቀዳዳ ልክ ሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን እሳት በሚችል ጄሶ ይከብበዋል፤ ጄሶው ሲደርቅ በምድጃ ያግለዋል፤ ሰሙም ቀልጦና ተቃጥሎ ሲወጣ ቅርጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ ባዶ ስፍራ የቀለጠ ወርቅ በግፊት ይገባበታል። የሀገራችን አንጥረኞች የነሐሱን የመጾር መስቀል ሲያወጡ የኖሩት በዚሁ ጥበብ ነው፤ የቅኔ መምህራንም የሰምና ወርቅን ስም የወሰዱት ከዚሁ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ጥበብ ውስጥ አንድ ተንኮለኛ ችግር አለ። ንጹሕ ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ሲሆን፣ ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይኮማተራል፤ የጥርስ ወርቅ መኮማተር በርዝመቱ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይደርሳል። ይህ መጠን ለጌጥ ቀለበት ምንም አይደለም፤ ለጥርስ ግን ሙሉ ጥፋት ነው፤ በጥርሱና በወርቁ መካከል በሚቀረው ክፍተት ምግብ ገብቶ ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋልና። ስለዚህ ሐኪሞቹ ጄሶውን ሲሊካ ከሚባል የድንጋይ ዱቄት ጋር መቀላቀልን ተማሩ፤ ሲሊካው በእሳት ሲግል ስለሚሰፋ ፎርማውም አብሮ ይሰፋል፤ ወርቁ በኋላ ሲኮማተር ወደሚፈለገው ልክ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠራ ሐኪም፣ ስለ ቅርጽና ስለ ወርቅ ያለው ዕውቀት ከአንድ ጥሩ ወርቅ ሠሪ የሚያንስ አይደለም።

አሁን ወደ ቫን ኦስደል ሁለተኛ ሥራ እንመለስ። በ1933፣ ማለት ማክኖተን ካሸነፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የወርቅ ሜዳሊያው ከመኪናው ውስጥ ተሰረቀ። ዳግመኛ አልተገኘም፤ የወርቅ ባለቤት የተባለው ሰውም ከመዝገብ ላይ ከሰፈረው ስሙ በቀር የሚያሳየው አንዳች ነገር አልቀረለትም። ቫን ኦስደል ይህን አወቀ፤ የጥርስ ሐኪምነትንም ከያዘ በኋላ፣ ሌላው ሁሉ ሊያዝንለት እንጂ ሊረዳው የማይችለውን ወዳጁን በሙያው ረዳው። የብር ሜዳሊያውን አወጣ፣ ከእርሱም ፎርማ ሠራ፣ በፎርማው ወርቅ አፈሰሰ፣ የወጣውንም ሜዳሊያ ለማክኖተን ላከለት።

ይህ ሊሆን የቻለው ሁለቱ ሜዳሊያዎች በቅርጽ አንድ ስለ ነበሩ ነው። የሜዳሊያውን ንድፍ ያወጣው ጁዜፔ ካሲዮሊ የተባለ ጣሊያናዊ ቀራጺ ሲሆን፣ ንድፉ መጀመሪያ የታየው በ1928 በአምስተርዳም ነው፤ በፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዘንባባና አክሊል የያዘች የድል አምላክ፣ በጀርባው ደግሞ ሕዝብ በትከሻው ተሸክሞ የሚያከብረው አሸናፊ ተቀርጾበታል። ለአንደኛውም ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም የሚሰጠው ይኸው አንድ ምስል ነው፤ የሚለያዩት በማዕድናቸው ብቻ ነው። በማዕድኑም ቢሆን ልዩነቱ የሚታሰበውን ያህል አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ከወርቅ የተሠራ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ1912 በስቶክሆልም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የወርቅ የሚባለው ሜዳሊያ በወርቅ የተለበጠ ብር ነው። እንግዲህ በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ አንዱ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የቆሙት ሁለቱ ወዳጆች የተሸለሙት ሜዳሊያ፣ ልባሱ ቢለያይም፣ ውስጡ ብር ነበረ።

በመዝገብ ከተጻፈው ጋር ስናስተያየው የቫን ኦስደል ሥራ ምን ያህል የተለየ እንደ ሆነ ይታያል። ወዳጆች ሜዳሊያ ሲካፈሉ ከዚያ ወዲህ ታይቷል፤ በ1936 በርሊን ላይ በምርኩዝ ዝላይ እኩል የወጡት ጃፓናውያኑ ሹሄይ ኒሺዳና ሱኤዎ ኦኤ፣ አንዱ ብር አንዱ ነሐስ በተሰጣቸው ጊዜ፣ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ሁለቱን ሜዳሊያዎች ከመካከል አስቈርጠው ግማሹን ብር ከግማሹ ነሐስ ጋር አስበየዱት። እነዚያ ግን የተካፈሉት የጋራ ክብራቸውን ነው። ቫን ኦስደል የሠራው የራሱ ያልሆነውን፣ እንዲያውም ከእጁ ያመለጠውን ክብር ነበር፤ በሠራውም ጊዜ ለራሱ አላስቀረውም። አንድ ዘላይ የወርቅ ሜዳሊያ ለማግኘት ዓመታት ሙሉ ይደክማል፤ ይህ ሰው ወርቁን በገዛ እጁ ማፍሰስ በቻለበት ቀን አፍስሶ ለባለቤቱ ላከው።

የውድድር ሕግ አሸናፊውን በሴንቲሜትር መለየት ያውቃል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ውድድር አይኖርም። ለወዳጅ የተሰጠ ምክርና ለወዳጅ የተሠራ ሜዳሊያ ግን በዚያ መለኪያ አይገቡም፤ እነርሱን የሚመዝን ሌላ ሚዛን አለ። ቫን ኦስደልን በ1.97 ሜትር ላይ አብረውት የቆሙት ሦስት ሰዎች በእግር ኃይል ይተካከሉት ነበር፤ በሙያውም ከእርሱ የሚበልጡ የጥርስ ሐኪሞች በዘመኑ እንደ ነበሩ ጥርጥር የለም። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የወዳጁን ድል ሁለት ጊዜ የሠራ ሰው ግን፣ አንድ ጊዜ በቃሉ፣ አንድ ጊዜ በእሳቱ፣ በኦሊምፒክ ታሪክ ከእርሱ በቀር የሚጠቀስ የለም። ስለዚህ ስለ 1932ቱ ከፍታ ዝላይ የሚያስተምር መምህር ሁሉ አሸናፊውን ደንከን ማክኖተንን በስሙ ከጠራ በኋላ፣ ሁለተኛውን ከቍጥር በታች ሳያስቀር፣ ቦብ ቫን ኦስደልን አብሮ ሊጠራ ይገባል።